ወደ ቫይሽኖ ዴቪ ዋሻ ለሚወጣ ሰው

የእንስት አምላክ ቫይሽኖ ዴቪ ዋሻ በህንድ ጃሙ፣ በትሪኩታ ተራራ ላይ ይገኛል። ከካትራ ከተማ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ይወጣል። መንገዱ የተነጠፈ ነው፣ ሌሊትም መብራት አለው፤ ሰው የሚቸገረው ከዳገቱ ይልቅ ቅደም ተከተሉን ባለማወቁ ነው።

መጀመሪያ ካትራ ላይ የተሳላሚ ካርድ ውሰዱ፤ በነፃ ነው። ያለ ካርድ የባንጋንጋን ኬላ ማለፍ አይቻልም። የሚያገለግለው ለተወሰነ ሰዓት ስለሆነ በዋዜማው አውጥታችሁ አትደሩ፤ ልትነሱ ስትሉ ውሰዱት። ከሌላ ክፍለ ግዛት የመጣ ቅድመ ክፍያ ሲም እዚያ አይሠራም፤ ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ቦታ ከታች ተቀጣጠሩ።

6 ኪሎ ሜትር ላይ አድኩዋሪ አለ። አምላኪቱ ካሳደዳት አስማተኛ ከባይሮን ሸሽታ 9 ወር ተደብቃበታለች የሚባለው ጠባብ ዋሻ፣ ጋርብ ጁን፣ እዚሁ ነው፤ በደረት እየተሳቡ ያልፉታል። ወረፋው ከረዘመ ለመልስ ተዉት። ከዚህ በኋላ በሂምኮቲ በኩል ያለውን አዲሱን መንገድ ያዙ፤ ዳገቱ ይቀላል፣ ፈረስም አይገባበትም። በሃቲማታ የሚሄደው አሮጌው መንገድ ቀጥ ያለ ዳገት ነው።

ዋሻው አጠገብ ስትደርሱ ስልክ፣ ጫማ፣ የቆዳ ቀበቶና ቦርሳ ማስቀመጫው ጋ ይቀራሉ። ኮኮናትም ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ መግቢያው ላይ ይረከቧችኋል። ማለዳና ማታ የአርቲ ጸሎት ሲደረግ ሰልፉ 2 ሰዓት ያህል ይቆማል፤ ያንን አስልታችሁ ድረሱ።

ብዙዎች ውስጥ ገብተው ሐውልት ሲፈልጉ ተራቸው ያልፋል። ጠባቂው ቆመህ እይ አይልም፣ ቶሎ ያሳልፋል። የሚታየው አንድ የተፈጥሮ ቋጥኝ ነው፤ ከላዩ ፒንዲ የሚባሉ፣ የአምላኪቱን ሦስት መልኮች የሚወክሉ ሦስት እራሶች አሉት። በስተቀኝ ማሃ ካሊ፣ መሐል ማሃ ላክሽሚ፣ በስተግራ ማሃ ሳራስዋቲ። ዘውዱና ጌጡ እንዳያዘናጋችሁ፤ ዓይናችሁን ከሥሩ ካለው ድንጋይ ላይ ጣሉ።

የባይሮን መቅደስ የመጨረሻው ነው። በትውፊቱ አምላኪቱ አንገቱን ቀልታ እራሱ ከላይኛው ኮረብታ ላይ ወደቀ፤ ይቅርታ ሲለምን «አንተን ሳያይ የሄደ መሳለሙ አልሞላም» አለችው። ስለዚህ ከዋሻው አስቀድሞ ወደ እሱ መሄድ አይገባም። በእግር ገና ዳገት ይጠብቃችኋል፤ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን በገመድ የሚሄድ ተሽከርካሪ አለ። ጉልበታችሁን ለመውረጃው ቆጥቡ፤ በአቋራጭ ደረጃ የሚሮጥ ሰው ካትራ የሚደርሰው እያነከሰ ነው።