ግቢዎን ከማስቆፈርዎ በፊት፦ የውሃ፣ የፍሳሽና የሴፕቲክ ታንክ ችግርና መፍትሄ

ቆፋሪ ጠርተው ግቢ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ልቆፍር?» ብሎ ነው። መልሱ ከሌለዎት ዶማው ባረፈበት ይጀመራል። ግቢው ይገለበጣል፣ ሂሳብ ይከፈላል፣ ችግሩ ግን ባለበት ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ምልክቱን እንይ። አብዛኛው የአዲስ አበባ ግቢ ችግር ከሚከተሉት አይወጣም።

ቢሉ ጨምሯል፣ የሚያፈስ ነገር ግን አይታይም

ውሃ በፈረቃ ከሆነ የሚመጣው፣ ውሃ ያለበትን ሰዓት ይጠብቁ። ቧንቧዎቹን በሙሉ ይዝጉ። የሮቶውን መግቢያ ቫልቭም ይዝጉ፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳውና ሮቶው እየሞላ ቆጣሪውን ያማል። ከዚያ ቆጣሪው ፊት ላይ ያለችውን ኮከብ የመሰለች ትንሽ ጥርስ ትኩር ብለው ይመልከቱ። ቀስ ብላም ቢሆን የምትዞር ከሆነ ውሃው ከቆጣሪው እስከ ሮቶው ባለው መስመር መሬት ውስጥ እየፈሰሰ ነው። ቆፋሪ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ቀጥ ብላ ከቆመች ግን ችግሩ የሮቶው ተንሳፋፊ (ሮቶው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው) ወይም የቤት ውስጥ መስመር ነው። ለዚህ የቧንቧ ሠራተኛ ይበቃል።

መሬት ውስጥ ያለው የድሮ ጂአይ (ዚንክ የተለበጠ) የብረት ቧንቧ ከሆነ አንዷን ቀዳዳ ማስጠገን ገንዘብ ማባከን ነው። አንድ ቦታ የበሰበሰ ብረት ሌላውም ቦታ ተራውን እየጠበቀ ነው። ጉድጓዱ ከተከፈተ አይቀር መስመሩን በሙሉ በኤችዲፒኢ (ጥቁር የፕላስቲክ ቧንቧ) ያስቀይሩ። በጥቅል ስለሚሸጥ መሃል ላይ መገጣጠሚያ አይኖረውም።

መሬቱ የረጠበው ከቆጣሪው በፊት ከሆነስ? እሱ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ሥራ ነው፤ 906 ይደውሉ። በር ላይ ያለውን አስፋልት ወይም ኮብልስቶን ያለ ፈቃድ ማስቆፈር ጣጣው ብዙ ነው።

ውሃው ሲመጣ መጀመሪያ ላይ ይሸታል

ዝገት ብቻ ከሆነ ቀለሙ ቡናማ ነው፤ ትንሽ ሲለቀቅ ይጠራል። የፍሳሽ ሽታ ካለው ግን አይጠጡት። ፈረቃው ሲያልቅ ቧንቧው ውስጥ ግፊት አይኖርም። መስመሩ የተቀደደና በፍሳሽ ውስጥ ወይም አጠገቡ የሚያልፍ ከሆነ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይስባል። ውሃው ሲመለስ እሱኑ ገፍቶ ወደ ሮቶዎ ያመጣዋል። ጎረቤትም እንደዚሁ ካለ ለባለሥልጣኑ ያሳውቁ። እርስዎ ጋ ብቻ ከሆነ የውሃ መስመሩን አስቆፍረው ከፍሳሹ ያርቁት። የግድ የሚሻገሩ ከሆነ ውሃው ከላይ፣ ፍሳሹ ከታች ይሁን። ሮቶውንም በክሎሪን ያሳጥቡ።

ሽንት ቤቱ ቀስ ብሎ ይወርዳል

ሲንኩ ብቻ ከሆነ እዚያው ነው የተዘጋው። ሽንት ቤቱም፣ ሻወሩም፣ የወለሉ መውረጃም አንድ ላይ ከቆመ ዋናው መስመር ነው። የግቢውን ማንሆሎች ከቤቱ ጀምረው በተራ ይክፈቱ። የሞላ ማንሆልና ቀጥሎ ያለው ባዶ ማንሆል ሲያገኙ፣ መዘጋቱ በሁለቱ መካከል ነው። ሌላውን ሜትር ማስቆፈር አያስፈልግም። መጀመሪያ በዘንግ ያስሞክሩ፤ የማይከፈት ወይም በየወሩ የሚመለስ ከሆነ ነው መቆፈር ያለበት። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የዛፍ ሥር ነው፤ ወይም መኪና የሚቆምበት ቦታ ላይ የተሰበረ ቧንቧ።

ሌላው ምክንያት ስሎፕ ነው። ለ110 ሚሊሜትር ፒቪሲ ቧንቧ በየሜትሩ 2 ሳንቲሜትር ቁልቁለት ጥሩ ነው። በ10 ሜትር 20 ሳንቲሜትር ማለት ነው። ሠራተኛው «በዓይኔ አይቼዋለሁ» ካለ አይቀበሉት። በውሃ ልክ ወይም ውሃ በተሞላ ግልጽ ጎማ ለክቶ ያሳይዎት።

ሴፕቲክ ታንኩ በተመጠጠ በሳምንቱ ይሞላል

ብዙው ሰው «ጉድጓዱ ትንሽ ነው» ብሎ ሌላ ያስቆፍራል። ግን ቀድመው ይመልከቱ። በክረምት ብቻ ከሆነ የጣሪያው ውሃ ወደ ታንኩ ተቀጥሎ ይሆናል። አሸንዳውን መለየት ብቻ ይበቃል። ካልሆነ መኪናው በሚመጥበት ሰዓት አጠገቡ ይቁሙ። ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ (የታንኩ ፍሳሽ ወደ መሬት ወደሚሰርግበት) ከሚወጣው ቧንቧ ፍሳሽ ተመልሶ ወደ ታንኩ የሚገባ ከሆነ፣ ማስረጊያው ሞልቷል፤ መሬቱ አልመጥም ብሏል። ከተመጠጠ በኋላ ደግሞ ማታ ምንም ውሃ ሳይጠቀሙ ይደሩ። ጠዋት ደረጃው ከፍ ብሎ ካገኙት የከርሰ ምድር ውሃ በግድግዳው እየገባ ነው፤ ያኔ መጠገን ያለበት ግድግዳው ነው።

ማስረጊያው ከሆነ ችግሩ፣ አዲሱን ቦታ ከመምረጥ በፊት ትንሽ የሙከራ ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉበትና ይደር። ጠዋት እንዳለ ከቆየ እዚያ ቦታ ገንዘብ አይጣሉ። ጥቁር አፈር ውሃ አያስተላልፍምና ጥልቀት ቢጨምሩለትም ብዙ አይረዳም። የከተማው የፍሳሽ መስመር በሰፈርዎ የሚያልፍ ከሆነ ከእሱ ጋር ማገናኘት ይሻላል።

አንድ ነገር ግን ያለ ቀልድ፦ ማንም ሰው ታንኩ ውስጥ እንዲገባ አይፍቀዱ። «ለመድነው» ቢልም አይግባ። ውስጡ ያለው ጋዝ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ሽታው የጠፋ ይመስላል፣ ሰውየው በደቂቃ ውስጥ ራሱን ይስታል። ሊያወጣው የሚገባውም አብሮ ይቀራል።

ተጠግኖ መሬቱ ሰመጠ

አፈሩን በአንዴ ደፍተውበት ሄደዋል። ቧንቧው ሥር 10 ሳንቲሜትር ያህል አሸዋ ይነጠፍ። ከላይም ድንጋይ የሌለበት አፈር፣ በ15 ወይም 20 ሳንቲሜትር ሽፋን እየተጠቀጠቀ ይመለስ። ጥቁር አፈር ከሆነ የወጣውን አይመልሱት፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ቧንቧውን ይዞ ይንቀሳቀሳል። ገረጋንቲ ያስመጡ። ከሁሉ በላይ ግን ሳይደፈን ውሃ ተለቆበት ይታይ። መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በእጅ ይዳስሱ፣ ሜትር ዘርግተው ከግድግዳው ርቀት ጋር ፎቶ ያንሱ።

መሃል ላይ ዋጋ ተጨመረ

«ድንጋይ ወጣብኝ» የሚለው አይቀርም፤ ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሁለት ዋጋ ይቁረጡ፦ ለአፈር በሜትር ኩብ ይህን ያህል፣ ለድንጋይ ይህን ያህል። የተረፈውን አፈር ማን ያስወጣል? ኮብልስቶኑን ማን ይመልሳል? በጽሑፍ ይሁን። የስልክና የመብራት ኬብል የሚያልፍበት አቅጣጫ ላይ እስካቫተር አይግባ፤ በእጅ ይቆፈር። ጉድጓዱ ከሜትር ተኩል ከዘለቀ ግድግዳው በጣውላ ይደገፍ፤ የወጣው አፈርም ከአፉ ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር ይራቅ። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን በላይ ነው። ሲናድ ለመሸሽ ጊዜ አይሰጥም።

ቀብድ ሲሰጡ ለዕቃ መግዣ የሚበቃውን ብቻ ይስጡ። ቧንቧውን ራስዎ ቢገዙና ለሠራተኛው የእጅ ዋጋ ብቻ ቢከፍሉ ይበልጥ ይሻላል። የመጨረሻው ክፍያ ውሃው ተለቆ ከታየና መሬቱ አንድ ጥሩ ዝናብ ከቀመሰ በኋላ ይሁን። በበጋ ካሠሩ የተደፈነውን ቦታ ራስዎ በጎማ ውሃ አጠጥተው ይዩት፤ የሚሰምጥ ከሆነ ሰውየው ሳይርቅ ይታወቃል።