ግሉኮስን እንደ ኤሚል ፊሸር ማግኘት፦ የፊሸር ፕሮጀክሽን አሳሳል

የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ተማሪ የዲ-ግሉኮስን ሥዕል ብዙ ጊዜ «ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቀኝ» ብሎ ይሸመድዳል። ፈተናው ጋላክቶስን ወይም የመስታወት ምስሉን ኤል-ግሉኮስን ሲጠይቀው ግን የሸመደደው አያድነውም። ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ኤሚል ፊሸር እነዚህን አራት ቃላት በ1891 ሲያገኛቸው የሚሸመድደው ነገር አልነበረውም፤ የማይሆነውን አንድ በአንድ እያስወገደ ነው የደረሰባቸው። ያንኑ ማስወገድ በእርሳስ የደገመ ሰው ሥዕሉ ቢጠፋበት እንኳ እንደገና ያወጣዋል። (እዚህ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሚያስፈልገው እርሳስ፣ ላጲስ፣ ባለ ካሬ ወረቀትና ቢያንስ አንድ የካርቦን ሞዴል ነው። የሞዴል ኪት ከሌለ ድቡልቡል ሸክላ ላይ አራት ስቲኪኒ ይሰኩ፤ በማናቸውም ሁለት ስቲኪኒዎች መካከል ያለው ማዕዘን 109.5 ዲግሪ ያህል ይሁን። ጫፎቹን በአራት የተለያዩ ቀለሞች ይቀቡ። ሊጥ ወይም ዳቦ አይጠቀሙ፤ ስቲኪኒው ይዘምና ቀኝና ግራው ይምታታል። በ1891 ጸደይ ፊሸር ጣሊያን፣ ቦርዲጌራ ውስጥ ከመምህሩ ከአዶልፍ ፎን ባየር ጋር ሳለ፣ ባለ አምስት ካርቦን ስኳሮች ስንት ዓይነት ዲአሲድ (ሁለቱም ጫፎቹ አሲድ የሆኑ ሞለኪውል) ሊሰጡ እንደሚችሉ መቁጠር አቅቶት ባየርን ጠይቆት ነበር። ባየር ወዲያው ከዳቦ ፍርፋሪና ከስቲኪኒ ሞዴል ሠራ፤ ደጋግሞ ሞክሮም ተወው። ፊሸር መልሱን ያገኘው ወደሚሠራበት ወደ ቩርትስቡርግ ተመልሶ ጥሩ ሞዴሎችን ረጋ ብሎ ከመረመረ በኋላ ነው።

መስቀሉን ማንበብ

የፊሸር ፕሮጀክሽን ባለ ሦስት አቅጣጫውን ሞለኪውል በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ በመስቀሎች የማሳየት ዘዴ ነው። አንድ ቁም መስመር ይሳሉና በአግድም መስመር ያቋርጡት። መገናኛው ካርቦን ነው፤ ምልክቱ አይጻፍም። አግድሞቹ ክንዶች ከወረቀቱ ወደ እርስዎ ወጥተዋል፤ ቁሞቹ ወደ ኋላ ገብተዋል። ቀሪው ሁሉ የቆመው በዚህ ስምምነት ላይ ነው።

ለግሉኮስ ስድስቱን ካርቦኖች በቁም ይደርድሩ። አልዲሃይዱ (CHO የያዘው ጫፍ) ከላይ ይሆናል፣ ቁጥሩም 1 ነው፤ ታች ያለው 6ኛው ነው። ከ2 እስከ 5 ያሉት አራት መስቀሎች እያንዳንዳቸው በአንድ ወገን ሃይድሮጅን፣ በሌላው ሃይድሮክሲል (OH) ይይዛሉ፤ «ቀኝ» ወይም «ግራ» የሚባለው ሃይድሮክሲሉ ያለበት ወገን ነው። አራት መስቀል፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ምርጫ፤ በድምሩ 16 ቅርጾች። ግማሾቹ የሌሎቹ ግማሾች የመስታወት ምስል ናቸው።

ሥዕሉን በወረቀቱ ላይ 180 ዲግሪ ማዞር ይፈቀዳል። 90 ዲግሪ ማዞር አይፈቀድም፤ ወደ ኋላ የነበሩት ክንዶች ወደ ፊት ይመጡና ካርቦኑ ተገላቢጦሽ ይሆናል። ወረቀቱን እንደ መጽሐፍ ገጽ መገልበጥም እንዲሁ ክልክል ነው። በአንድ ካርቦን ላይ ሁለት ቡድኖችን አንዴ ማቀያየር ቅርጹን ይገለብጠዋል፤ ሁለት ጊዜ ማቀያየር ወደነበረበት ይመልሰዋል። ይህን በሸክላው ሞዴል ይሞክሩት፤ በዓይን ካላዩት አይጸናም።

ፊሸር በእጁ የነበሩት ሦስት መሣሪያዎች

ፊሸር በ1852 ኮሎኝ አቅራቢያ ኦይስኪርሽን ተወለደ፤ ቦን ጀምሮ ስትራስቡርግ ውስጥ በባየር ሥር በ1874 ዶክትሬቱን ያዘ። በ1875 ፊኒልሃይድራዚንን አገኘ፤ የስኳር ሥራው ሁሉ የተከፈተው በዚህ ነው። ስኳሮች እንደ ሽሮፕ እየተዝለገለጉ ለመለየት ያስቸግሩ ነበር። ከፊኒልሃይድራዚን ጋር ሲሞቁ ግን ኦሳዞን የተባለ ቢጫ ክሪስታል ይሰጣሉ። ኦሳዞን ሲሠራ የ2ኛው ካርቦን ቀኝ-ግራ ይጠፋል፤ ስለዚህ ግሉኮስ፣ ማኖስና ፍሩክቶስ አንድ ዓይነት ኦሳዞን መስጠታቸው ከ3 እስከ 5 ያሉት ካርቦኖቻቸው አንድ መሆናቸውን ይናገራል።

ይህን ሙከራ በዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ለሚሠራ የተለመደው መጠን ይህ ነው፦ 0.2 ግራም ስኳር፣ 0.4 ግራም ፊኒልሃይድራዚን ሃይድሮክሎራይድ፣ 0.6 ግራም ሶዲየም አሴቴት ክሪስታልና 4 ሚሊ ሊትር ውኃ፤ በሚፈላ ውኃ ውስጥ አስቀምጦ አልፎ አልፎ መነቅነቅ። ፍሩክቶስ በ2 ደቂቃ ገደማ፣ ግሉኮስ በ4 እና 5 ደቂቃ መካከል ክሪስታል ያሳያል። ሰዓቱን የሚይዙት ለዚህ ነው፤ ክሪስታሉ አንድ ስለሆነ ሁለቱን የሚለየው ፍጥነቱ ብቻ ነው። ማኖስ በግማሽ ደቂቃ ነጭ ነገር ከጣለ ኦሳዞን አይደለም፣ ፊኒልሃይድራዞን ነው። የገበታ ስኳርም ቱቦው ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ ተሰባብሮ ኦሳዞን ስለሚሰጥ ያሳስታል። ሪኤጀንቱን መቆጠብም ጉዳት አለው፤ አንድ የስኳር ሞለኪውል ሦስት ፊኒልሃይድራዚን ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ ፊኒልሃይድራዚን መርዝ ነው፤ ፊሸርን ራሱን ለረጅም ጊዜ አሳምሞታል። ያለ ጓንትና ያለ ፊውም ሁድ (መርዛማ ትነት የሚስብ የላቦራቶሪ ሣጥን) አይከፈት።

ሁለተኛው መሣሪያ ሃይንሪሽ ኪሊያኒ በ1886 ያሳየው ነው፦ በሃይድሮጅን ሳያናይድ የስኳሩን ሰንሰለት ከላይ በአንድ ካርቦን ማርዘም። ውጤቱ በአዲሱ 2ኛ ካርቦን ብቻ የሚለያዩ ሁለት ስኳሮች ናቸው። ሦስተኛው ናይትሪክ አሲድ ነው፤ ሁለቱንም ጫፎች ወደ ካርቦክሲሊክ አሲድ ይለውጣል። ጫፎቹ አንድ ከሆኑና የሥዕሉ ላይኛ ግማሽ የታችኛው የመስታወት ምስል ከሆነ ዲአሲዱ ሜሶ ነው፤ ፖላራይዝድ ብርሃንን (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ብርሃን) አያዞርም።

አራቱ ውሳኔዎች

አንደኛ፣ የ5ኛውን ካርቦን ሃይድሮክሲል በቀኝ ያድርጉ። ይህ ማስረጃ አልነበረውም። ፊሸር ከሁለት የመስታወት ምስሎች አንዱን መምረጥ ነበረበትና መረጠ። ዕጣው ትክክል መውጣቱን በ1951 የኔዘርላንዱ ዮሃንስ ባይቮት በኤክስሬይ አረጋገጠ፤ ፊሸር ግን በ1919 አርፎ ነበር።

ሁለተኛ፣ ወደ አራቢኖስ ይውረዱ፤ ሰንሰለቱ ሲረዝም ግሉኮስንና ማኖስን የሚሰጠው ባለ አምስት ካርቦን ስኳር ነው። (ከተክል ሙጫ የሚገኘው አራቢኖስ የመስታወት ምስሉ ነው፤ አካሄዱ አይለወጥም።) እዚህ ብዙ ሰው የሚስተው ቁጥሩን ነው፦ የአራቢኖስ 2ኛ ካርቦን በግሉኮስ ውስጥ 3ኛ፣ 3ኛው 4ኛ፣ 4ኛው 5ኛ ይሆናል። የአራቢኖስ 4ኛ ካርቦን ቀኝ ሆኖ ተወስኗል፤ ስለዚህ ከላይ ወደ ታች አራት አማራጮች ይቀራሉ፦ ቀኝ-ቀኝ-ቀኝ፣ ቀኝ-ግራ-ቀኝ፣ ግራ-ቀኝ-ቀኝ፣ ግራ-ግራ-ቀኝ። አራቱንም ይሳሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዲአሲዶች ሜሶ ናቸው። የአራቢኖስ ዲአሲድ ብርሃን ስለሚያዞር ሁለቱ ይሰረዛሉ። ስለዚህ የግሉኮስ 3ኛ ካርቦን ግራ ነው።

ሦስተኛ፣ የግሉኮስም የማኖስም ዲአሲዶች ብርሃን ያዞራሉ። 4ኛው ካርቦን ግራ ቢሆን ኖሮ ከሁለቱ አንዱ ቀኝ-ግራ-ግራ-ቀኝ ይሆን ነበር፤ ይህ ሜሶ ነው። ስለዚህ 4ኛው ቀኝ ነው።

አራተኛ፣ አሁን ሁለት ሥዕሎች ቀርተዋል፦ ቀኝ-ግራ-ቀኝ-ቀኝ እና ግራ-ግራ-ቀኝ-ቀኝ። የቱ ግሉኮስ፣ የቱ ማኖስ? ከማስረጃው ሁሉ ውቡ ይህ ነው። በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ አልዲሃይዱን ታች፣ የታችኛውን ጫፍ ላይ ያድርጉና ሥዕሉን 180 ዲግሪ ያዙሩ። ግራ-ግራ-ቀኝ-ቀኝ ተመልሶ ራሱን ይሆናል። ቀኝ-ግራ-ቀኝ-ቀኝ ግን ግራ-ግራ-ቀኝ-ግራ የሆነ ሌላ ስኳር ይሰጣል። ፊሸር ይህን ሌላ ስኳር ሠርቶ ጉሎስ አለው፤ ዲአሲዱም ከግሉኮስ ዲአሲድ ጋር አንድ ነው። አንድ ዲአሲድ ከሁለት የተለያዩ ስኳሮች ሊመጣ የሚችለው ሲዞር ሌላ ስኳር በሚሰጠው ሥዕል ብቻ ስለሆነ ግሉኮስ ቀኝ-ግራ-ቀኝ-ቀኝ ነው። በዓመቱ ፊሸር ወደ በርሊን ተጠራ፤ በ1902 ለስኳርና ለፒዩሪን ሥራው የኖቤል ሽልማት አገኘ።

የሚበዙት ስህተቶች

ኤል-ግሉኮስ ሲጠየቅ 5ኛውን ካርቦን ብቻ መገልበጥ ትልቁ ስህተት ነው፤ የሚወጣው ኤል-አይዶስ ነው። የመስታወት ምስል ማለት አራቱም ይገለበጣሉ ማለት ነው፦ ግራ-ቀኝ-ግራ-ግራ።

ዲ ወይም ኤል የሚወሰነው ከአልዲሃይዱ እጅግ በራቀው ካይራል ካርቦን (አራት የተለያዩ ቡድኖችን የያዘ) ነው። 6ኛው ካይራል ስላልሆነ አይቆጠርም። ዲ ማለት ብርሃንን ወደ ቀኝ ማዞር አይደለም፤ ዲ-ፍሩክቶስ ወደ ግራ ያዞራል።

የእያንዳንዱን ካርቦን ቅርጽ አር (R) ወይም ኤስ (S) ብለው ሲሰይሙ ሃይድሮጅኑ በአግድም ክንድ ላይ ከሆነ ወደ እርስዎ መጥቷልና ያነበቡትን ይገልብጡ። በግሉኮስ 2ኛ ካርቦን ከሃይድሮክሲል ወደ አልዲሃይድ፣ ከዚያ ወደ 3ኛው ካርቦን ሲሄዱ ከሰዓት ዘንግ ተቃራኒ ይዞራሉ፤ ሲገለበጥ አር ይሆናል። አራቱም በቅደም ተከተል አር፣ ኤስ፣ አር፣ አር ካልወጡ የሆነ ቦታ መገልበጥ ረስተዋል።

ወደ ቀለበት ሥዕል ሲሸጋገሩ በ2ኛ፣ 3ኛና 4ኛ ካርቦን ላይ በቀኝ ያለው ወደ ታች፣ በግራ ያለው ወደ ላይ ይሄዳል። 5ኛው ሃይድሮክሲል ቀለበቱን ስለሚዘጋ ለብቻው አይሳልም።

እጅዎን ለመፈተን ከግሉኮስ 4ኛውን ካርቦን ብቻ ገልብጠው ጋላክቶስን ይሳሉ፣ ሁለቱንም ጫፎች ወደ አሲድ ይለውጡ፣ መሐል ላይ አግድም መስመር ያስምሩ። ላይኛው ግማሽ የታችኛው የመስታወት ምስል መሆን አለበት፤ ካልሆነ መጀመሪያ 3ኛውን ካርቦን ይመልከቱ፤ ግራ መሆን ሲገባው ቀኝ ሆኖ ይሆናል።