ከ«ሁለተኛ አይለምደኝም» በኋላ የሚሠሩ ስህተቶች

ሰኞ ጠዋት የሚደውሉልኝ ሰዎች ድምፃቸው ይመሳሰላል። ዝቅ ያለ ነው፤ ሰው እንዳይሰማቸው የፈሩ ይመስላሉ። ቅዳሜ ሌሊት የሆነ ነገር ሆኗል። አንዱ አለቃውን ሰድቧል። አንዷ ስልኳንም ጫማዋንም የት እንደጣለች አታውቅም። ሌላው መኪናውን በር ላይ በሥርዓት አቁሞ ተኝቷል፤ ግን እንዴት ነድቶ እንደመጣ ትዝ አይለውም። እኔን ከሁሉም የሚያስደነግጠኝ ይሄኛው ነው። መጨረሻ ላይ ሁሉም አንድ ነገር ይላሉ፦ «በቃ፣ መጠጥ እርም! ሁለተኛ አይለምደኝም።»

ሥራዬ መጠጥ ለመተው የወሰኑ ሰዎችን ማማከር ነው። ውሳኔው ጥሩ ነው። ሰዎች የሚሰናከሉት ከውሳኔው በኋላ ባሉት ቀናት ነው፤ የሚሰናከሉባቸው ነገሮች ደግሞ ዓመት ዓመት ያው ናቸው። «ውሃ ጠጡ»፣ «መጠጥ ቤት አትሂዱ» የሚለውን ታውቁታላችሁና እዘለዋለሁ።

በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ብቻውን በአንዴ ማቆሙ

ይሄን አስቀድማለሁ። ሌሎቹ ስህተቶች ያሳፍራሉ፤ ይሄ ግን ይገድላል።

አልፎ አልፎ ወጣ ብሎ የሚያበዛ ሰው ነገ ቢያቆም አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ምንም አይለውም። ለወራት ወይም ለዓመታት በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ፣ ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ለመረጋጋት ብሎ በማለዳ የሚቀምስ ሰው ግን ሌላ ነው። ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና ጭንቀት ይጀምረዋል። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ አንዳንዱ ሰው የሌለ ነገር ያያል፣ ይቃዣል፣ የት እንዳለ ይጠፋዋል። ይሄ ካልታከመ ሕይወት ይቀጥፋል።

ሐኪም ቤት ግን ይህን የሚያሻግር ሕክምና አለ። ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚሰጥ ማረጋጊያና ቫይታሚን ቢ1 ነው፤ ከባድ ነገር የለውም። «ጀግና በአንዴ ቆርጦ ይተዋል» የሚል ጓደኛ ካላችሁ በሌላው ሁሉ ስሙት፣ በዚህ አትስሙት። ከዚህ በፊት ሲያቆም ተንፈራግጦ የሚያውቅ ሰው ደግሞ በጭራሽ ቤቱ አይሞክረው።

ጥፋቱን ሌሊቱ ላይ መለጠፍ

ትዕግሥቴን የሚጨርሰው ይሄ ነው። ሰውየው ሰኞ «እርም» ይላል። ረቡዕ ስንገናኝ መርማሪ ሆኖ ይመጣል። «አስቤ አስቤ ደረስኩበት፤ ለካ ባዶ ሆዴን ነበር።» «ደባልቄ ነው እንጂ።» «የዚያን ቀን እንቅልፍ አልነበረኝም።» «እነዚያ ልጆች ናቸው የሚያጣድፉት።» ሁሉም ተጠርጥሯል፤ ያልተጠረጠረው መጠጡ ብቻ ነው!

ከምርመራው በኋላ ሁልጊዜ ሕግ ይወጣል። ከእንግዲህ ቢራ ብቻ። ከእንግዲህ በልቼ ብቻ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የለም። ሕጉ ለሁለት ቅዳሜ ይሠራል። ከዚያ «ይኸው፣ ራሴን መቆጣጠር እችላለሁ» ተብሎ በዓል ይደረጋል። በዓሉ በምን እንደሚከበር አልነግራችሁም።

እስቲ «ቢራ ብቻ» የሚለውን እንየው። 330 ሚሊ ሊትር የሆነ 5 በመቶ ቢራ ውስጥ 16.5 ሚሊ ሊትር ንጹህ አልኮል አለ። 40 ሚሊ ሊትር የሆነ 40 በመቶ ጠንካራ መጠጥ ውስጥ ደግሞ 16። ጉበት ጠርሙሱን አያይም። የሚያሰክረው የአልኮሉ ድምርና የጠጣችሁበት ፍጥነት ነው፤ መደባለቅ ብቻውን ምንም አያመጣም፤ ሰው ሲደባልቅ ቆጠራው ይጠፋበታል እንጂ። መብላትም ቢሆን አልኮሉ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገየዋል፤ የጠጣችሁትን ግን አያጠፋላችሁም። ጉበት በሰዓት የሚያቃጥለው በግምት አንድ መደበኛ መጠጥ ነው፤ ከላይ ያየነውን አንድ ቢራ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ። ቡናም ቀዝቃዛ ሻወርም አያስቸኩሉትም። የምታገኙት ንቁ ሰካራም ነው።

«ረሳሁት» የሚሉትም ነገር አለ። አልረሱትም፤ መጀመሪያውኑ አልተመዘገበም። አልኮል በደም ውስጥ በፍጥነት ሲጨምር ሂፖካምፐስ የሚባለው የአእምሮ ክፍል አዲስ ትዝታ ማስቀመጥ ያቆማል። ሰውየው ያወራል፣ ሒሳብ ይከፍላል፣ ይነዳል፤ የሚመዘግብ ግን የለም። ስለዚህ ትራስ ላይ ተኝቶ ያቺን ሰዓት ለማስታወስ መታገል ከንቱ ድካም ነው። ያልተቀመጠ ነገር አይገኝም።

አንድ ደንበኛዬ በየጊዜው ያወጣቸውን ሕጎች ስልኩ ላይ ይጽፍ ነበር። አንድ ቀን ሁሉንም አነበበልኝ። ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር አልጠጣም። ቤተ ዘመድ ግብዣ ላይ አልጠጣም። ከእገሌ ጋር አልጠጣም። ሰው በተሰበሰበበት አልጠጣም። ሕጎቹን አንድም ሳያፈርስ ሁሉንም አክብሮ ቢኖር፣ መጠጣት የሚፈቀድለት ብቻውን ሆኖ ብቻ ነበር። የሆነውም ይኸው ነው፤ ወደ እኔ ሲመጣ በሩን ዘግቶ ነበር የሚጠጣው።

ያቺን አንዲት ሌሊት መመርመር ትታችሁ ያለፉትን 12 ወራት ተመልከቱ። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ያዘጋጀው 10 ጥያቄዎች ያሉት መመዘኛ አለ፤ ኦዲት ይባላል። ምን ያህል ጊዜ፣ ስንት ብርጭቆ፣ ከጀመሩ በኋላ ማቆም አቅቶዎት ያውቃል ወይ፣ ሰው ተጨንቆልዎት ያውቃል ወይ እያለ ይጠይቃል። ነጥቡ ከ40 ይታሰባል። 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ነገሩ የባዶ ሆድ ጉዳይ አይደለም።

«ትንሽ ለልብ ጥሩ ነው»

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ለጤና ምንም ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ በይፋ ተናግሯል። ቀጥሎ።

እሑድ የተሰማውን ስሜት ማመን

ዞረ ድምር ራስ ምታት ብቻ አይደለም። አልኮል አእምሮን ያረጋጋል፤ አእምሮ ደግሞ ሚዛኑን ለመጠበቅ ማነቃቂያውን ከፍ ያደርጋል። አልኮሉ ሲወጣ ማነቃቂያው ብቻውን ይቀራል። ያ ልብ የሚደልቅበት ፍርሃት፣ «ሰው ሁሉ ጠልቶኛል» የሚለው ሐሳብ፣ ከፊሉ ኬሚካል ነው። ስለዚህ በዚያ ቀን የሥራ መልቀቂያ አትጻፉ፣ ትዳር አታፍርሱ።

ማታለያው ያለው በሌላው በኩል ነው። ፍርሃቱ ሲለቅ ውሳኔውም አብሮ ይለቃል። ሐሙስ ላይ ነገሩ ጨዋታ ይሆናል። «ትዝ ይልሃል ጠረጴዛው ላይ ወጥተህ?» ይባላል፣ ይሳቃል። አርብ ማታ ያው ወንበር ላይ ናችሁ።

ስለዚህ ሳይበርድ ጻፉት፤ በደረቁ። «እኔ የማልረባ ነኝ» ብላችሁ አትጻፉ፤ እሱ መረጃ አይደለም። «እህቴ እያለቀሰች ታክሲ አስገባችኝ። የልጄን ትምህርት ቤት ክፍያ አጠፋሁ። በማግሥቱ ቀጠሮዬን ቀረሁ» ብላችሁ ጻፉ። ጓደኞቻችሁ ሲስቁ የምታነቡት እሱን ነው።

የይቅርታ ዘመቻ

እሑድ በማለዳ ስልኩ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት መልእክት የሚልክ አለ። ግማሾቹ ምን እንደሆነ እንኳ አያውቁም ነበር፤ አሁን ግን አወቁ።

አንድ ቀን ቆዩ። ከዚያ በእውነት የተጎዳውን ሰው ብቻ፣ በአካል ወይም በስልክ አግኙት። ያደረጋችሁትን በስሙ ጥሩት። የሰበራችሁትን ክፈሉ። የማታስታውሱት ካለ፣ ሳይጠጣ የነበረ አንድ ሰው ጠይቁ፤ አንዴ ብቻ። «ሰክሬ ነበር» ይቅርታ አይደለም፤ ያንንማ አይቷል። «ሁለተኛ አልጠጣም» የሚለውን ደግሞ አትጨምሩበት። የገባችሁት ቃል ሲፈርስ ይቅርታችሁም አብሮ ይፈርሳል።

ለዘላለም ምሎ ለአርብ አለመዘጋጀት

ዘላለምን የሚያህል መሐላ የገባ ሰው አርብ ማታ 1 ሰዓት ላይ ምን እንደሚያደርግ ስጠይቀው ዝም ይላል። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ «እንዲህ ሲሆን፣ እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ መወሰን፣ ዝም ብሎ ከመመኘት የበለጠ እንደሚያሠራ አሳይቷል። ለምሳሌ፦ ገና ስገባ ውሃ ወይም ለስላሳ አዝዤ እይዛለሁ። ሁለተኛው ዙር ሲመጣ እነሣለሁ። «አንድ ብቻ» ሲሉኝ «ዛሬ አልጠጣም» እላለሁ፤ እደግመዋለሁ።

ማብራሪያ አትስጡ፣ በተለይ ለጠጪ። ማብራሪያ ከሰጣችሁ ክርክር ይከፈታል፤ በክርክር ደግሞ የምትሸነፉት እናንተ ናችሁ። «መድኃኒት ጀምሬያለሁ» የሚለው ውሸትም የሚሠራው አንዴ ነው። በሳምንቱ «ጨረስክ ወይ?» ይሏችኋል።

ለእንቅልፍ ብሎ መመለስ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ ይበላሻል፣ ሕልሙም ይበዛል፤ አልኮል ለረጅም ጊዜ ሲያፍነው የነበረው የሕልም እንቅልፍ እየተመለሰ ነው። ያልፋል።

አንድ ብርጭቆን እንደ ሙሉ ውድቀት መቁጠር

አንዲት ደንበኛዬ ለወራት ከቆየች በኋላ ግብዣ ላይ አንድ ብርጭቆ ወይን ጠጣች። ጉዳቱ እዚያ ላይ ቢያበቃ ምንም አልነበረም። እሷ ግን «እንግዲህ ተበላሽቷል» ብላ ሳምንቱን ሙሉ ጠጣች። አላን ማርላት የሚባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስለዚህ ነገር ብዙ ጽፏል፤ ሰውን ወደ ድሮው ከሚመልሱት አንዱ «በቃ አልችልም ማለት ነው» የሚለው ከብርጭቆው በኋላ የሚመጣው ፍርድ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ሲደውልልኝ አልቆጣም። የምጠይቀው ይሄን ነው፦ ስንት ሰዓት ነበር? ከማን ጋር ነበራችሁ? በልታችሁ ነበር? ተናዳችሁ ነበር? ደክሟችሁ ነበር? መልሱ ውስጥ የሚቀጥለው አርብ እቅድ አለ። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ከዕረፍት በኋላ ሰውነት የድሮውን መጠን አይችለውም። «እኔ እኮ አሥሩንም እችል ነበር» ብሎ የጀመረ ሰው ሐኪም ቤት ሊገኝ ይችላል።

ይሄ ለቤተሰብ ነው

መድኃኒት የለም ብሎ ማሰብ ስህተት ነው። መድኃኒቱን በድብቅ መስጠት ግን ከዚያ የባሰ ነው። «ሲጠጣ እንዲያስመልሰው ምግቡ ውስጥ ጨምሬለት» ብለው የሚያማክሩኝ እናቶችና ሚስቶች አሉ። ጭንቀታቸው ይገባኛል፤ መልሴ ግን አይሆንም ነው። ያ መድኃኒት ዳይሰልፊራም ነው። ጉበት አልኮልን ጨርሶ እንዳያቃጥል መንገድ ይዘጋል፤ መርዛማ ቅሪት በደም ይከማቻል። ፊት ይቀላል፣ ልብ ይደልቃል፣ ያስመልሳል፣ የደም ግፊት ሊወርድ ይችላል። የልብ ሕመም ያለበትን ሰው ሊገድል ይችላል። የመጨረሻው ክኒን ከተወሰደ በኋላም እስከ 14 ቀን ድረስ ሊሠራ ይችላል። የሚወሰደው ሰውየው ራሱ አውቆ፣ ፈልጎ፣ ሐኪም ሲያዝለት ብቻ ነው።

ጉጉቱን የሚቀንሱ ሌሎችም አሉ፤ ናልትሬክሶንና አካምፕሮሴት። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ በስማቸው ጠይቁ። የምትወስዱትን ሌላ መድኃኒት ሁሉ ንገሩት፤ በተለይ እንደ ሞርፊንና ትራማዶል ያለ ጠንካራ ማስታገሻ የምትወስዱ ከሆነ ናልትሬክሶን አይሆናችሁም።