ቤት ያለችው ጠመንጃ ባለቤቷን እንዳታሳስር

አባቴ የአርሲ ሰው ነበር። ሲሞት አንድ አሮጌ ምንሽር ተወልን። አዳማ ቤታችን ቁም ሳጥን ውስጥ ተጋድሞ ዛገ፣ ሰደፉም ተሰነጠቀ። ሰፈሩ ውስጥ ሌባ በዝቷል ሲባል ትዝ አለኝና በጆንያ ጠቅልዬ በባጃጅ ይዤው በር ለሚሠራ አንድ በያጅ ሰጠሁት። ሰውዬው ሰደፉን ጠገነ፣ ዝገቱን በግራይንደር ጠርጎ አንጸባርቆ መለሰልኝ። ከዝገቱ ጋር ብረቱ ላይ የተቀረጸውን መለያ ቁጥርም ጠርጎታል። ይህን ያወቅኩት ፈቃዱን በስሜ ላዞር ስሄድ ነው። ፖሊሱ ጠመንጃውን አገላበጠ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። «ቁጥሩስ?» አለ።

ሦስት ወር ተመላለስኩ። ያወጣኝ የአባቴ አሮጌ የፈቃድ ወረቀት ነው። እናንተ እንዳትደግሙት እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ ወረቀቱንና ብረቱን አስተያዩ። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ አይቻልም፤ ፈቃዱም የሚሰጠው በሰው ስም ነው። «የአባቴ ነው» ማለት አያድንም። ቁጥሩ የተፋቀ፣ አፈሙዙ የተቆረጠ፣ በአንድ ስበት ጥይት እንዲያዘንብ የተነካካ ከሆነ ደግሞ ወረቀት ቢኖርም ችግር ነው። ድምፅ ብቻ እንዲያሰማ ተሠርቶ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩስ የተቀየረ ሽጉጥ በስጦታ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ። ብረቱ ለዚያ ጉልበት አልተሠራም፤ እጃችሁ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ጥገና ካስፈለገ ማን እንደተፈቀደለት ፖሊስን ጠይቁ። በያጅ በር ይሥራ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ጋ ደረስን። «ራሴን ነው የተከላከልኩት» ካልኩ ሁሉም ያልቃል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ከቅጣት ነፃ ያደርጋል፣ እውነት ነው። ግን ጥቃቱ ሕገወጥና የቀረበ፣ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል መሆን አለበት፤ መከላከሉም ተመጣጣኝ። ቴሌቪዥን ተሸክሞ አጥር የሚዘልን ሌባ ከኋላው መምታት ይህን አያሟላም። መጠኑን አልፎ የገደለ ሰው በአንቀጽ 541 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ይጠብቀዋል። መጠኑን ያሳለፈው በጥቃቱ የተነሣ ፍርሃትና ድንጋጤ ከሆነ ግን አንቀጽ 79 ለዳኛው ቅጣቱን የመተው ሥልጣን ይሰጠዋል።

እዚህ ድረስ ስለ ተኩሱ ነው። መሣሪያው ሌላ ጉዳይ ነው። አንቀጽ 78 ያቺን ተኩስ ይሸፍናል እንጂ ከዚያች ሌሊት በፊት ቤታችሁ ውስጥ ሲቀመጥ የኖረውን ሕገወጥ መሣሪያ አይሸፍንም። ስለዚህ በአንዱ ነፃ ወጥታችሁ በሌላው ልትታሰሩ ትችላላችሁ።

ይባስ ብሎ ቅየራው መከላከያችሁን ራሱን ይበላዋል። ቃታውን አስነክታችሁ በትንሽ ነገር የሚተኩስ ሆኗል እንበል። ሰው ሞተ። «ሕይወቴን ለማዳን ተኮስኩ» ትላላችሁ ወይስ «ሳላስበው ባረቀብኝ»? ሁለቱን አንድ ላይ ማለት ከባድ ነው። ባረቀብኝ ካላችሁ ወሬው ወደ አንቀጽ 543 ይሄዳል፣ በቸልተኝነት መግደል። ሆን ብዬ ካላችሁ ዐቃቤ ሕጉ ቃታውን ለምን እንዳስነካችሁ ይጠይቃል። ጠበቃ ጓደኛዬ ይህን ሲነግረኝ ምሳዬ አልበላልህ አለኝ።

የተነካካ መሣሪያ ቤት ውስጥ ካገኛችሁ እንደ እኔ ይዛችሁ አትዙሩ። ሽጬ ልገላገል ማለት ሌላ ወንጀል ነው። መቅበርም፣ ወደ ነበረበት ለመመለስ መሞከርም ማስረጃ ማጥፋት ይመስላል። ጠበቃ አማክሩ፣ ከዚያ መሣሪያውን እንዴት እንደሚረከብ ፖሊስን ጠይቁ። ወረፋው ያሰለቻል፣ ታገሡ።

ተኩሱ አንዴ ከሆነ ደግሞ ለተጎዳው ሰው እርዳታ ጥሩ፣ ለፖሊስ ደውሉ፣ መሣሪያውን አትደብቁ፣ በሌላ አትለውጡ። ጥቃት እንደደረሰባችሁ ተናገሩና ዝርዝሩን ከጠበቃ ጋር አድርጉት፤ ያለመናገር መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 አለ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብም እንዲሁ።

የአባቴ ምንሽር ፖሊስ ጋ ቀረ። ቤቱን አሁን የሚጠብቀው ጥሩ የብረት በር ነው። የሠራው ያው በያጅ ነው፣ በሩን ግን አሳምሮታል።