የግቢ በር ሪሞት ሞተር ሳይክል ላይ ሲገጠም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጅማ ዝናብ በር ላይ ቆሞ፣ ጓንት አውልቆ፣ ከጃኬት ኪስ ሪሞት መፈለግ ያሰለቻል። ሪሞቱን ሞተር ላይ ማስገጠም ጥሩ መላ ነው። በችኮላ ከተሠራ ግን ግቢያችሁን ለአላፊ አግዳሚው ከፍታችሁ ሰጣችሁ ማለት ነው።

ትልቁ ስህተት የኤሌክትሪክ መስመሩን በቀጥታ ከሞተሩ ባትሪ መሳብ ነው። ሞተሩን ደጅ አቁማችሁ ቡና ልትጠጡ ስትገቡ፣ ያለፈ ሁሉ መሪው ላይ የተገጠመውን የሪሞት መጫኛ ነክቶ በሩን ይከፍተዋል። ሽቦው የሞተሩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል ከሚያገኝ መስመር ይወሰድ። ሪሞቱን መሪው ላይ በፕላስተር መለጠፍም ያው ነው፤ ነቅሎ የሚወስደው አይጠፋም።

ሁለተኛው ቮልቴጅን መናቅ ነው። ባትሪው 12 ቮልት ይባል እንጂ ሞተሩ ሲነሳ መስመሩ ወደ 14 ቮልት ይወጣል። ብዙ ሪሞቶች ደግሞ የሚሠሩት በ3 ቮልት ክብ ባትሪ ነው። በቀጥታ ካገናኛችሁት አበቃለት። እኔ የምመክረው ሪሞቱ በራሱ ባትሪ እንዲሠራ ትታችሁ በሪሌ (ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ሌላ መስመር በሚያገናኝ ማብሪያ ማጥፊያ) እንድትጠቀሙ ነው። መሪው ላይ ያለው መጫኛ ሪሌውን ያነሳል። የሪሌው ሁለት መውጫዎች ሪሞቱ ውስጥ ባለው መጫኛ ሁለት እግሮች ላይ ይበየዳሉ። የሞተሩ ኤሌክትሪክ ሪሞቱ ጋ ጭራሽ አይደርስም። መስመሩ ላይ ትንሽ ፊውዝ አትርሱ።

ሪሞቱን ታንክ ሥር ወይም ብረት ሳጥን ውስጥ አትደብቁት፤ ብረት ሞገዱን ያፍናል። ከፊት መብራቱ ጀርባ ያለው የፕላስቲክ ሽፋን ይሻላል። ከመታሰሩ በፊት ቦታው ላይ ይዛችሁ ከሩቅ ሞክሩት።

ውሃውን ለመከላከል ያገኙትን ሲሊኮን የሚቀቡ አሉ። ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት መዳብ ይበላል፤ ሽታ የሌለውን ፈልጉ። ሽቦው ወደ ሪሞቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ይጎብጥ፤ ውሃው እዚያው ይንጠባጠባል። ኮብልስቶኑ ስለሚያንገጫግጭም ሪሞቱን በስፖንጅ ጠቅልሉት።

መጫኛው በግራ አውራ ጣት የሚደረስበት ይሁን። ጅሬን ዳገት ላይ ቤት ያለው ሰው ቀኝ እጁ ነዳጅና ፍሬን ላይ ነው፣ ሊያነሳው አይችልም። ግን ከክላክሱ ይራቅ፤ አለዚያ እየወጣችሁ በሩን ራሳችሁ ላይ ትዘጉታላችሁ።

ሪሞት ኮፒ ስታስደርጉም ተጠንቀቁ። በየጊዜው ኮዱን የሚቀያይር ዓይነት ከሆነ ተራ ኮፒ አይሠራለትም፤ አዲሱን ሪሞት ከበሩ መቀበያ ጋር ማስተዋወቅ ግድ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በሩ መጠባበቂያ ባትሪ ከሌለው ሪሞት ዋጋ የለውም፤ በሩን በእጅ የሚያላቅቀው ቁልፍ የት እንዳለ ቤተሰቡ ሁሉ ይወቅ።

ሞተሩ ከተሸጠ ወይም ከተሰረቀ የዚያኑ ዕለት ኮዱን ከመቀበያው አስጠፉ። አንዱን ነጥለው የማያጠፉ መቀበያዎች ስላሉ፣ ሁሉንም አጥፍቶ የቤቱን ሪሞቶች አንድ በአንድ እንደገና ማስተዋወቅ ሊያስፈልግ ይችላል።