ሰማይ ላይ ቅድሚያ የማን ነው? ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ሰሞኑን ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚኒባስ ስሄድ፣ አደባባዩ ጋ አንዲት የቤት መኪና ዘው ብላ ገባችብን። ሹፌራችን ፍሬን ይዞ «ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ እኮ!» ብሎ ጮኸ። ልክ ነው፤ ቅድሚያ የሚሰጠው አደባባዩ ውስጥ ላለው ነው። አጠገቤ የተቀመጠ የሕግ ተማሪ «ሳተላይቶችም እንደዚሁ ናቸው» አለኝ። አይደሉም። ወራጅ ስለነበርኩ መልሴን እዚህ ልጨርሰው።

የመጀመሪያው ስህተት የተጻፈ የቅድሚያ ሕግ አለ ብሎ ማሰብ ነው። መርከቦች አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ ማን ለማን እንደሚለቅ ይዘረዝራል። የ1967ቱ የጠፈር ስምምነት ግን አገሮች አንዱ የሌላውን ጥቅም እንዲያስብ፣ ጉዳት ከሠጉም አስቀድመው እንዲመካከሩ ብቻ ነው የሚለው። ማን ዞር ይበል? ዝም።

«ነባሩ ቅድሚያ አለው» የሚለውም አይሠራም። የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ ኤኦለስ የተባለ ሳተላይቱን ያመጠቀው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ስፔስኤክስ የተባለው የአሜሪካ የግል ድርጅት ሳተላይት፣ ስታርሊንክ 44፣ የመጣው በዓመቱ ነው። ሴፕቴምበር 2019 ላይ ሁለቱ ሊጋጩ ተቃረቡ። ድርድሩ በምን ነበር? በኢሜይል! የስፔስኤክስ ሰዎች መጀመሪያ ሳተላይታችንን የምናንቀሳቅስበት ምክንያት የለም አሉ። አደጋው ሲጨምር የተላከውን መልእክት ደግሞ ተረኛው ባለሙያቸው አላየውም፤ የጥሪ ሥርዓቱ እክል ነበረበት። በመጨረሻ ዞር ያለው ነባሩ ኤኦለስ ነው። ሕግ አስገድዶት ሳይሆን ንብረቱን ማትረፍ ስለፈለገ።

ሦስተኛው «የገጨ ይከፍላል» ማለት ነው። በ1972ቱ የተጠያቂነት ስምምነት መሠረት፣ የወደቀ ሳተላይት ምድር ላይ ጉዳት ካደረሰ ያመጠቀው አገር ጥፋት ባይኖርበትም ይከፍላል። ጠፈር ላይ ግን ጥፋቱ መረጋገጥ አለበት። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2009 ከሳይቤሪያ በላይ በ790 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ፣ እየሠራ የነበረው የአሜሪካው ኢሪዲየም 33 ከሞተው የሩሲያ ኮስሞስ 2251 ጋር ተላተመ። ሬሳን ዞር በል አይሉት ነገር! ጥፋተኛው ማን ነው? በየትኛው ደንብ ተለክቶ? በስምምነቱ መሠረት ካሳ የጠየቀ አገር አልነበረም።

«የግል ድርጅት ስለሆነ መንግሥትን አይመለከትም» የሚሉም አሉ። ይመለከታል። በ1967ቱ ስምምነት አገር ለራሱ ድርጅቶችም መልስ ይሰጣል። እኛም ከጨዋታው ውጭ አይደለንም፤ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ 1 ከቻይና የመጠቀችው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው።

የመጨረሻው ሳይነጋገሩ ማምለጥ ነው። ፒያሳ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ከሰው ጋር ተገናኝታችሁ፣ ሁለታችሁም ወደ አንድ ጎን ዞር ብላችሁ አታውቁም? እኛ ስቀን እናልፋለን። በዝቅተኛ ምህዋር ያሉ ሳተላይቶች ግን በሴኮንድ 7 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው የሚበሩት። ስለዚህ ሞተሩን የሚያስነሳው ዕቅዱን አስቀድሞ ይልካል፤ ሌላው በያዘው መንገድ ይቀጥላል።