ፎረፎሬ በቅቤ ይብስ ነበር

ሹሩባ በተሠራሁ ቁጥር ጭንቅላቴን ያሳክከኛል። ጥቁር ልብስማ አይታሰብም፤ ትከሻዬ ላይ ነጭ በነጭ። ሰው ሁሉ «ደርቆብሽ ነው፣ ቅቤ ተቀቢ» ይለኛል። ቅቤው ለአንድ ቀን ያለሰልሳል፣ ከዚያ ይብስበታል።

ለካ ፎረፎር ብዙውን ጊዜ ከድርቀት አይመጣም። ማላሴዝያ የሚባል ፈንገስ በሁላችንም ራስ ላይ አለ። የሚመገበው ቅባት ነው። ስለዚህ የጸጉር ሥር ላይ ቅቤ መለሰን ቀለብ እንደመስፈር ነው።

የሠራልኝ ከፋርማሲ የገዛሁት 2 ፐርሰንት ኬቶኮናዞል (የፈንገስ መድኃኒት) ያለው ሻምፑ ነው። በሳምንት 2 ጊዜ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት። ዋናው ነገር አለመቸኮል ነው፦ አረፋው የራስ ቆዳ ላይ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይቆይ። ወዲያው ካጠባችሁት መድኃኒቱ ሥራ ሳይጀምር ይሄዳል። ጸጉር ስለሚያደርቅ ጫፉን ኮንዲሽነር አደርገዋለሁ። ሲሻል በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃል።

ቅቤውን አልተውኩትም (እማዬ መች ትፈቅዳለች!)። ከመሃል እስከ ጫፍ ብቻ እቀባለሁ። ሹሩባም የምሠራው ማሳከኩ ሲጠፋ ነው፣ ያውም ላላ አድርጌ።

ቁስል ካለው ወይም ጸጉሩ ክብ ሠርቶ ከረገፈ ግን ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፤ የቆዳ ሐኪም ይየው።